በሶቢር በር ላይ ያለ ቦታ

ተኛ ብላኛለች እህቴ። ትራሱን ገልብጣ፣ መጋረጃውን ስባ፣ የተበጠበጠ ቀዝቃዛ እርጎ በጣሳ አጠገቤ አስቀምጣ፣ «ማታ ሥራ አለብህ፣ ትንሽ እንኳ ዓይንህን ክደን» ብላ ሄደች። እሺ፣ ከደንኩት። ምን ያደርጋል፣ ዓይን ሲከደን ጆሮ አብሮ አይከደንም። አርባ ቀን የሚቆየው ሀሩር ገና መግባቱ ነው፤ በዚህ የቀትር ሰዓት ታሽኬንት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ዝንብ ብቻ ነው፤ ውሻው ተኝቷል፣ ጎረቤቱ ተኝቷል፣ ግቢው መሀል ከወይኑ ጥላ ሥር ባለው የእንጨት መደብ ላይ የእህቴ ባል ሾዲዮር ተዘርሮ ያንኮራፋል፤ እኔም ሳላዘው እጄ ይነሣና ማንኮራፋቱን ይመራል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስተኛው ላይ ሁሌ ይዘገይብኛል፣ «በሰዓቱ ግባ እንጂ አንተ ሰውዬ!» ብዬ ልጮህበት ምንም አልቀረኝ። ይኸው ነው ኑሮዬ። ዕድሜዬን ሙሉ ኦርኬስትራ ፊት ቆሜ ሰው በሰዓቱ እንዲገባ ስጮህ፣ ስቆጣ፣ ስለማመጥ ኖሬ፣ ዛሬ ንጋት ላይ እኔ ራሴ መግባት የነበረብኝ ቦታ ላይ አልገባሁም። አልገባሁም ብቻ ሳይሆን ተኝቼ ነበር። ያን ጊዜ እንቅልፍ ነበረኝ። አሁን ነው እምቢ ያለኝ።

እዚህ «ከሩሲያ የመጣው» ይሉኛል። እዚያ ደግሞ፣ በሳይቤሪያው ከተማ፣ «ኡዝቤኩ» ነኝ፤ ረዳት ሆኜ ስገባ ኡዝቤኩ፣ ሁለተኛ መሪ ስሆን ኡዝቤኩ፣ ዋና መሪ ሆኜ ስሜ በቲያትሩ ትልቅ በር ላይ ሲሰቀልም ኡዝቤኩ፤ በረሃና ግመል ያለበት ኦፔራ የመጣ እንደሆነ «ይሄ ያንተ ነው፣ በደምህ ውስጥ አለ» ይሉኛል። እኔ ግመል ያየሁት በአራዊት ማቆያ ነው። አባቴ ትራም ነጂ ነበር። አሁን ትራሙንም ነቅለውታል፤ ሐዲዱ የነበረበት መንገድ ላይ መኪና ብቻ ይርመሰመሳል፣ ድሮ በትራም ፌርማታ የማውቀውን ከተማ አሁን በምን ልወቀው? ፓስፖርቴ የሌላ አገር ነው፤ በተወለድኩበት ቤት ለማደር እህቴ «እንግዳ አሳድራለሁ» ብላ ማስመዝገብ ነበረባት፤ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ «የመጣበት ምክንያት ይላል፣ ምን ልበል?» አለችኝ። «ሥራ በዪ» አልኳት። «ወደ ቤቱ መጣ የሚል የለውም እንዴ?» አለች፣ የለውም። ቲያትሩ በር ላይ ደግሞ የሰው ፊት የሚያይ ማሽን ተክለዋል፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ አረንጓዴ ይበራል፣ ለጥሩንባ ነፊው አረንጓዴ ይበራል፣ እኔ ስቆም ያስብና ያስብና ቀይ ያበራል። ዘበኛው በየጠዋቱ ሥቆ በእጁ ይከፍትልኛል። «አላወቀዎትም ጋሼ፣ ይለምድዎታል» ይለኛል። እስከ ዛሬ አልለመደኝም።

የመጣሁት ግን ለሽርሽር አይደለም። ማንም ያውቃል። የዚህ ቲያትር ዋና መሪ ጡረታ ወጣና ዳይሬክተሩ ክረምቱ መሀል ደወለልኝ፤ እኔ እዚያ በረዶ ከመኪናዬ ላይ እየጠረግኩ ነበር፣ ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ነው ስልኩን ያነሣሁት። «ና፣ መምህርህ የደረሰውን ኦፔራ ምራልን» አለኝ፣ «የዓመቱ መዝጊያ ይሁን። የሚኒስቴሩ ሰው ይመጣል። ሕዝቡ ከወደደህ፣ ኦርኬስትራው ከተቀበለህ፣ ወንበሩ ያንተ ነው። ቤትህ ትገባለህ።» ቤትህ ትገባለህ ሲለኝ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ከዚህ ቲያትር የወጣሁት እኮ ጠልቼው አልነበረም። ሦስተኛ መሪ ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ ጠዋት ለልጆች ተረት እመራለሁ፣ ቀበሮዋ ትዘፍናለች፣ ልጆቹ ይጯጯሃሉ፤ ሌላው ሥራ ሁሉ የአንደኛውና የሁለተኛው መሪ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ ጤነኞች ነበሩ። ለአንድ ዓመት ብዬ ሄድኩ። አንድ ዓመት እንዲህ ይረዝማል ብሎ የነገረኝ የለም። እዚያ ጸጉሬ ሸበተ፣ ሚስት አግብቼ ፈታሁ፣ ቋንቋቸውን እንደ ውሃ ጠጣሁት፣ ቫዮሊኖቹ ዓይኔን ሳነሣ ብቻ የሚነሡ ኦርኬስትራ ሠራሁ፤ ማታ ስገባ ግን ሾርባ የሚያሞቅልኝ የለም፣ ሾርባም የለም።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል። ቬራ ፓቭሎቭና ናት፣ የሳይቤሪያው ቲያትር ሥራ አስኪያጅ። በሹክሹክታ አነሣለሁ።

«ሃምዳም፣ ትመጣለህ አትመጣም? ሰኞ ውሉን ካልፈረምክ ሌላ ሰው እጠራለሁ እኮ።»

«ዛሬ ማታ አውቃለሁ ቬራ።»

«ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም። ታመሃል?»

«ሙቀቱ ነው።»

«ታዲያ ወደ ቤትህ ና!» አለችና ሣቀች። እሷም ቤትህ አለች። ሁሉም ቤትህ ይሉኛል፣ አንዳቸውም ቁልፉን አይሰጡኝም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህ ኦርኬስትራ ደሜን ሲያፈላው ነው የሰነበተው። ልምምድ ስጠራ ግማሹ ሰርግ ላይ ሊጫወት ሄዷል፤ ሰርግ የሌለው የሌላውን ሰርግ ያወራል። የመምሪያ ዘንጌን አነሣለሁ፣ ከኋላ አንዱ ሐብሐብ ይቆርጣል። ሐብሐብ! ኦፔራ መሀል! «ምንድነው ይሄ?» ስል «ይብሉ ጋሼ፣ ከሚርዛቹል ነው፣ ስኳር ነው» ብሎ አንድ ቁራጭ በቫዮሊን ሳጥን ክዳን ላይ ወደ እኔ ያሻግራል። ሁሉም ደግሞ አስተያየት አለው። እዚያ መሪ ሲናገር እርሳስ ይዘው ይጽፋሉ፤ እዚህ ይከራከራሉ። ከሁሉ የባሰው ሶቢር ነው። ሶቢር ትላልቆቹን የናስ ከበሮዎች የሚመታው ነው፤ ከኦርኬስትራው ሁሉ ቆሞ የሚሠራው እሱ ብቻ ስለሆነ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይን ለዓይን እንገጣጠማለን። እኔና እሱ በትራም ሠራተኞች ክበብ ውስጥ ዶይራ፣ ክቧን የእጅ ከበሮ፣ አንድ ላይ ነው የተማርነው፤ እኔ ሰነፍ ነበርኩ፣ እሱ ጎበዝ፤ እኔ ዘንግ ይዤ ወጣሁ፣ እሱ ከበሮው ጋር ቀረ። ኦፔራው ውስጥ ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ሴቶቹ የሚዘፍኑት መዝሙር አለ፤ እኔ ፈጠን አድርጌ እመራዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሆን ብሎ ይጎትተዋል።

«ሶቢር! ከእኔ ጋር!»

«ካንተ ጋር ነኝ። ሙሽራዋ ናት ካንተ ጋር ያልሆነችው።»

«ኖታው ላይ ፈጠን ይላል!»

«ይበል። መምህራችን ሦስት ወንድ ልጅ ነው የነበረው፣ ሴት ልጅ መች ድሮ ያውቃል? አባቷን ትታ እየሄደች እኮ ነው፣ አውቶቡስ ሊያመልጣት ነው እንዴ?»

ኦርኬስትራው በሙሉ ፈነዳ። ዋሽንት ነፊዋ ጉልሮይ «እኔ እንኳን ስወጣ የበሩን መቃን ይዤ አልላቀቅ ብያለሁ፣ ጋሼ ሃምዳም» አለች፤ አንዱ «መቃኑ እስከ ዛሬ ይነቃነቃል» አላት፤ በዚያው ሄዱ። ዘንጌን ወርውሬ ወጣሁ። እያንዳንዱ ቀን እንደዚህ ነበር። ማታ ለእህቴ «እነዚህ ሰዎች ኦርኬስትራ አይደሉም፣ ገበያ ናቸው» እላታለሁ፤ እሷ ባቄላ እየፈለፈለች «ይወዱሃል ማለት ነው» ትለኛለች። ተናደድኩባት እንጂ አልሰማኋትም።

ማክሰኞ ዕለት ነው መሰለኝ፣ ከልምምድ በኋላ፣ ሶቢር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወደ ክፍሌ መጣ። ፈታሁት፤ አራት ማዕዘን የወገብ መታጠቂያ ጨርቅ፣ ጥቁር፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተጠለፈ። «የልጄ ሰርግ ዓርብ ነው፣ የንጋት ኦሹ ግብዣ ደግሞ ሐሙስ» አለኝ፤ «ገና ሳይነጋ ድረስ። እንዳትዘገይብኝ።» ሐሙስ ማለት ኦፔራው የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ዛሬ ማለት ነው። «በጣም ቆንጆ ነው ሶቢር፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ» አልኩት። ሶቢር ሣቀ። በደንብ ነው የሣቀው፣ ትከሻዬን መታኝ፣ «ግድግዳው ይታጠቅልሃላ!» ብሎ ወጣ። ቀልድ መስሎታል። እኔ ግን የምሬን ነበር። እዚያ እኮ እንግዳ መሪ ሲመጣ ፎጣ ይሰጡታል፣ የእንጨት ማንኪያ ይሰጡታል፣ አንድ ጊዜ የድብ ቅርጽ ሰጥተውኛል፤ ስጦታ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ኦሹ ላይ ደግሞ አምስት መቶ ሰው ነው የሚመጣው፤ ሩዙን በበግ ሥጋና በካሮት በጋን በሚያህል ብረት ድስት ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው፣ ሰው ገና ጎህ ሲቀድ መጥቶ በልቶ መርቆ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከአምስት መቶ ሰው አንዱ ቢጎድል ማን ያውቃል? ደግሞ እኔ ኦፔራ በምመራበት ቀን ሰው አላይም፣ አልናገርም፣ እህል አልቀምስም፣ ልማዴ ነው፣ ይህን የማያውቅ ማን አለ? እዚያ ሁሉም ያውቃል።

ንጋት ላይ ሾዲዮር አዲስ ሸሚዙን ለብሶ፣ ባለ ጥልፍ ቆቡን ደፍቶ፣ በሬን አንኳኳ።

«ሃምዳም፣ እንሂድ፣ እኛ ቀደም ማለት አለብን።»

«ሂድ አንተ። እኔ ዛሬ ሰው አላይም።»

«ለሶቢር ነግረኸዋል?»

«ያውቃል ያውቃል» አልኩና ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እንዴት ያለ እንቅልፍ ነበር። እንደ ሕፃን ነው የተኛሁት።

ረፋዱ ላይ ለመጨረሻው ልምምድ ስገባ ሁሉም ተቀምጠዋል። ሁሉም! በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ባዶ ወንበር የለም። ከሙን ከሙን፣ የበግ ጮማ ጮማ ይሸታሉ፣ ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ሐብሐብ የለም፣ ወሬ የለም፣ «እንደምን አደራችሁ» ስል በአንድ ድምፅ መለሱልኝ። ዘንጌን አነሣሁ፣ ገቡ። አወረድኩ፣ ቆሙ። የሙሽራዋ መዝሙር ላይ ስንደርስ ሶቢርን አየሁት፣ ሊጎትት ነው ብዬ፤ ልክ እንደ ሰዓት መታው። እኔ ጅል፣ እኔ ደንቆሮ፣ ምን ብዬ ባስብ ጥሩ ነው? በመጨረሻ ተገራ አልኩ። በመጨረሻ ኦርኬስትራ ሆኑ። እየዘፈንኩ ነው ወደ ቤት የመጣሁት፣ እውነቴን ነው፣ መንገድ ላይ እየዘፈንኩ።

ምሳ ላይ እህቴ አላየችኝም። ዳቦውን ቆርሳ አስቀመጠች፣ ሻዩን ቀዳች፣ አላየችኝም።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚል ሰው እንዲህ ዳቦ አይቆርስም።»

ያኔ ነው የወጣላት። «ሶቢር ወንድም እንደሌለው አታውቅም? አምስት እህት ነው ያለው፣ አታውቅም? በሩ ላይ በቀኝ እሱ ቆመ፣ በግራ ያንተን ቦታ ከፍቶ ጠበቀህ። ሾዲዮር ልግባበት ሲለው ‘የሃምዳም ነው፣ ተወው’ አለው። የገባ ሰው ሁሉ፣ ኦርኬስትራህም ሳይቀር፣ ‘ሃምዳም የት አለ?’ ይለዋል፤ ‘እየመጣ ነው’ ይላል። ጸሐይ ወጣች፣ ‘እየመጣ ነው’ ይላል። የመጨረሻው ሰው ገብቶ እስኪቀመጥ ቦታውን ለማንም አልሰጠም። መታጠቂያ ሰጥቶህ የለም እንዴ? ምን መሰለህ፣ መሐረብ መሰለህ?»

ይኸው፣ ይህን ሰምቶ ተኛ ይሉኛል። ማን ይተኛል? ሰርግ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ እንግዳ ነው፤ ቤተሰብ አይቀመጥም። ቤተሰብ ወገቡን ታጥቆ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ሻይ ይዞ ይሮጣል፣ ሳህን ያነሣል፣ የሚበላው ሁሉም ከሄደ በኋላ ቆሞ ነው። ይህን ማን ያጣዋል? የአምስት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኔ አውቀዋለሁ! ግን መታጠቂያው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲመጣ ያየሁት እንደ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ሆኜ ብዙ ኖሬ እጄ የተሰጠውን ሁሉ ወደ ሻንጣ መክተት ለምዷል። ታዲያ ለምን አልነገረኝም? አፍ የለውም? «ሃምዳም፣ ወንድሜ ሆነህ ቁምልኝ» ማለት ምን ይከብዳል? በሁሉ ነገር ይከራከር የለም እንዴ? እናደድበታለሁ፣ ቁጭ ብዬ እናደድበታለሁ፣ ከዚያ መልሶ በራሴ ይዞርብኛል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ነገር አይነገርም፣ የሚነገረው ለባዕድ ነው። ደግሞ ይህ ሁሉ እኮ አንድ ጊዜ ተደርጎልኛል። አባቴ ያረፈ ቀን እህቴ የደወለችልኝ በኦፔራ መሀል፣ ሁለተኛው ዕረፍት ላይ ነበር፣ በሳይቤሪያ፣ ሰዎቹ ሻምፓኝ ይጠጣሉ፤ እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፣ አውሮፕላን እስካገኝ አፈር ለብሷል። በራችን ላይ ታጥቆ የቆመው ሶቢር ነው። ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው ሶቢር ነው። ከሩቅ የመጣ አንድ ሽማግሌ «ልጁ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ «እኔ ነኝ» አለው። እህቴ በስልክ ይህንን ስትነግረኝ አልቅሻለሁ። አልቅሼ ሳበቃ ግን ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ ውለታ መስሎኛል፣ ውለታ ደግሞ በስጦታ ይመለሳል፤ ጥሩ ባለ ጠጉር የቆዳ ባርኔጣ ላኩለት።

አልቻልኩም። ተነሣሁ። ሻንጣውን ዘረገፍኩት፣ መታጠቂያውን አወጣሁት፣ ሦስት ማዕዘን አጥፌ ሸሚዜ ላይ ታጠቅኩ፣ ቋጠሮው እንኳ እምቢ አለኝ። እህቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና አፏን በእጇ ያዘች።

«አሁን?»

«አሁን።»

«በሩ ላይ እኮ ሰው የለም አሁን፣ ሃምዳሜ።»

«ሳህን ይኖራል አይደል? አጥባለሁ።»

የሶቢር ቤት ሁለት መንደር አልፎ ነው፤ አስፋልቱ ከጫማዬ ሥር ይለጠፋል፣ በየበሩ ጥላ የተኙት ድመቶች ብቻ ናቸው የሚያዩኝ፣ አንድ የታክሲ ነጂ ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ «ሰርግ ነው ጋሼ?» አለኝ፣ «አዎ» አልኩት፣ «በዚህ ሰዓት?» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ አለፈ። በሩ ተከፍቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ወጣቶች ያንን ትልቅ ድስት ጎኑ ላይ አጋድመው በአመድ ይፈትጋሉ፣ የተቀመጡባቸው አግዳሚዎች ተደራርበዋል፣ የሳህን ክምር ገንዳ ውስጥ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ወደ ገንዳው ሄድኩ። አንዷን ሳህን ሳነሣ የሶቢር ትልቋ እህት ሮጣ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ኧረ በሞቴ! ኧረ ነውር ነው! ሶቢር፣ ና እንግዳ መጥቷል!» ሌላ ሳህን አነሣሁ፤ እሷንም ነጠቀችኝ። ሁለት ሽማግሌ ሰዎች በአንድ ቅባታም ሳህን ተጓተትን።

ሶቢር ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌሊቱን ካሮት ሲያስቆርጥ እንዳደረ ያስታውቃል። መታጠቂያዬን አየው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ፣ ወደ ውስጥ አስገባኝ፣ ለክቡር እንግዳ የሚሰጠው፣ ከበሩ በጣም ራቅ ያለው ፍራሽ ላይ አስቀመጠኝ፣ ዳቦ አመጣ፣ አፕሪኮት አመጣ፣ ለውዝ አመጣ።

«ሶቢር፣ አልገባኝም ነበር። በእናትህ፣ እውነቴን ነው፣ አልገባኝም ነበር።»

«ምን አደረጉ? ሥራ አለብዎት። የዛሬው ቀላል ቀን አይደለም።»

«እርስዎ አትበለኝ!»

«እሺ» አለ፣ ግን ምንም አልቀየረም።

ሻይ ቀዳልኝ። እኛ ዘንድ ሰው ሲወደድ ሻይ ከሲኒው ሥር ብቻ ነው የሚቀዳለት፣ ሁለት ጉንጭ፣ ቶሎ እንዲያልቅና ደግመን ደጋግመን እንድንነሣለት፤ ሲኒ የሚሞላው ጠጥቶ እንዲሄድ ለሚፈለግ ሰው ነው። ሶቢር ሞላው። እስከ አፉ ሞላው። ምናልባት ደክሞት ነው፣ እጁ ዝሎ ነው፣ እንቅልፍ የሌለው ሰው ሲኒ አያይም፣ እላለሁ፤ ጣቴን እያቃጠለኝ ጠጣሁት፣ እስከ ታች ጠጣሁት፣ እንደገና ይቀዳልኛል ብዬ ባዶውን ሲኒ ፊቱ አስቀመጥኩ። ማንቆርቆሪያው አጠገቡ ነው። «ማታ እንገናኛለን፣ ትንሽ ይረፉ» አለኝ።

እንግዲህ ማታው ይኸው ነው፤ መብራቱ ጠፋ፣ ከመድረኩ ሥር ካለው ጉድጓድ ብቅ ስል ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ የሚኒስቴሩ ሰው ከፊት ተቀምጧል፣ ዘንጌን አነሣለሁ፤ እንደ ጠዋቱ ገቡ። እንዲህ ያለ ጨዋታ ይህ ቲያትር ሰምቶ አያውቅም። አንድም የተሳሳተ ድምፅ የለም። እኔ ግን ያበድኩ ያህል ሆኛለሁ፤ ጉልሮይን አያታለሁ፣ ዘንጌን ታያለች፤ ሶቢርን አየዋለሁ፣ ዘንጌን ያያል፣ ዓይኑ ከዘንጉ ጫፍ በላይ አንድ ጣት እንኳ አይወጣም። የሙሽራዋ መዝሙር ደረሰ። ዘገየሁ። እሱ እንደሚፈልገው፣ አባቷን እንደምትተው፣ ጎተትኩት፤ ጎተቱት። ይህ እኮ ያንተ ነው ሶቢር፣ አሸነፍክ፣ ቀና በል፣ ሣቅብኝ! ተበሳጨሁና መሀሉ ላይ አፈጠንኩት፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ ጥፋት ነው፣ ሆን ብዬ ነው፤ አንዱ እንኳ ግንባሩን እንዲቋጥር፣ አንዱ እንኳ «አበድክ እንዴ?» እንዲለኝ። አፈጠኑት። ምን ብሠራ ከእኔ ጋር ናቸው። ገደል ብገባ ተሰልፈው ይከተሉኛል፣ በትሕትና። ሙሽራይቱ እየሮጠች ከአባቷ ቤት ወጣች፣ ሕዝቡም አለቀሰ።

መጋረጃው ሲወርድ ዳይሬክተሩ በሁለት እጁ አቀፈኝ፣ ላቤ ደረቱን አረጠበው። «ምን አደረግካቸው? ሰው አደረግካቸው እኮ! ሚኒስቴሩ ተስማምቷል። የኦርኬስትራውን ሽማግሌዎች በዕረፍቱ ጠየቅኳቸው፣ አንድም ሰው አልተቃወመም፣ ገባህ? አንድ! እነዚህ እኮ መስኮት ይከፈት ይዘጋ ብለው ስብሰባ የሚጠሩ ሰዎች ናቸው። ቤትህ ገባህ፣ ሃምዳም!» ያመሰግነኛል፣ ይጨብጠኛል፣ አበባ ያሸክሙኛል፤ እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ፣ ከበሮዎቹን ልብስ እያለበሰ ያለውን ሶቢርን እያየሁ ነው።

አበባውን ወንበር ላይ ጥዬ ሄድኩበት።

«ሶቢር፣ ነገ የልጅህ ሰርግ ላይ በሩ ጋ እቆማለሁ። ስንት ሰዓት ልምጣ? ከማንም በፊት እመጣለሁ፣ በየትኛው በኩል ልቁም?»

የከበሮውን ልብስ ማሰሪያ በጥንቃቄ ቋጠረ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ምነው ቁጣ በነበረበት።

«ምን ይቆማሉ» አለኝ፣ «የእርስዎን ቦታ ይዘንልዎታል። ከላይ፣ ከሚኒስቴሩ ሰው ጎን። እንዳይደክሙ መኪና እንልክልዎታለን።»

ኦርኬስትራው እየወጣ ነው፤ የሰሙት ቆም ብለው አዩኝ፣ ጉልሮይም ከነዋሽንቷ ሳጥን። ሶቢር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ። ምን አደርጋለሁ፣ እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ፣ አመሰገንኩ፣ እመጣለሁ አልኩ።